የገለልተኛ አገር ስንዴ

ዊልፍሬድ ካርዌልን ሞቶ ያገኙት ምሳቸውን በልተው የተመለሱ ተሸካሚዎች ናቸው። «ትሪግ» በምትባለው መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ተራግፎ ባላለቀው ስንዴ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። እግሮቹን ስንዴው ውጧቸዋል። ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል። ቀድሞ የወረደው ተሸካሚ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት «ኧረ ሚስተር፣ ብርዱ ይገድልዎታል!» ሲል ተጣራ። ቀርቦ እጁን ከነካው በኋላ ግን መሰላሉን እንዴት እንደ ወጣው ራሱም አያውቅም።

የሞተው የከተማችን የስቶርቪክ ሰው ቢሆን ኖሮ ቄስ ተጠርቶ፣ ሣጥን ተሠርቶ፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ዊልፍሬድ ግን እንግሊዛዊ ነው፤ ያውም ስንዴውን እንዲጠብቅ የተላከ ተቆጣጣሪ።

የእንግሊዝና የጀርመን ጦርነት ከተጀመረ ሦስተኛው በረዶ ወርዶ ነበር። እኛ ኖርዌያውያን ከማንም አልተዋጋንም፤ ገለልተኛ ነን። ገለልተኛ መሆን ማለት ግን ሁለት ጎረቤቶች ሲደባደቡ መካከላቸው ባለችው ጎጆ ውስጥ ሳልን እንኳ አፍኖ መቀመጥ ነው። እንግሊዞች ባሕሩን ዘግተዋል። ከአሜሪካ እህል ጭኖ የሚመጣ መርከብ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ወደብ ተወስዶ ይፈተሻል፤ ካሰኛቸውም ሳምንታት ይታገዳል። ጀርመኖች በበኩላቸው ለእንግሊዝ አደረ ያሉትን መርከብ በባሕር ሰርጓጅ ያሰምጡታል። «ትሪግ» ከእንግሊዞች እጅ የወጣችው በአንድ ውል ነበር፤ ከጭነቱ ምንም ነገር ወደ ጀርመን እንዳያልፍ አንድ ሰው እዚሁ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያ ሰው ዊልፍሬድ ነው። ከኋላዋ ደግሞ ሌላ ስንዴ የጫነች መርከብ ፈቃድ እየጠበቀች በእንግሊዞች ወደብ ቆማለች። በስቶርቪክ የሚጋገረው ዳቦ ግማሹ ድንች ከሆነ ሰንብቷል።

መርማሪው ኦላውስ ብሬኬ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ መርከቧ ላይ ሲወጣ የተቀበለው ካፒቴኑ ሳይሆን አቶ ክሮግ ነው። ክሮግ የማራገፉ ሥራ ያለ ኮሽታ እንዲያልቅ ከዋናው ከተማ የተላከ ባለሥልጣን ነበር። ጓንቱን አያወልቅም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም።

«አቶ ኦላውስ፣ ሰውየው ወድቋል። እንዴት እንደ ወደቀ ቢነግሩኝ ይበቃኛል።»

«ከወደቀ እነግርዎታለሁ» አለ ኦላውስ።

«ነገሩን በቀላሉ እንያዘው ማለቴ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ነገ ከበርገን ይመጣል።»

ኦላውስ ፋኖስ አንጠልጥሎ መሰላሉን ወረደ። አጭርና ወፍራም ሰው ነው፤ በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። ሰው ሲያናግር ከፊት ይልቅ እጅ የሚያይ መሆኑን የሚያውቁት የስቶርቪክ ሌቦች ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ ይባላል።

በሟቹ አጠገብ ተንበረከከ። አፍና አፍንጫውን በፋኖሱ አየ። ንጹሕ ነው፤ አንዲት ፍሬ፣ ቅንጣት አቧራ የለበትም። ከዚያ ባርኔጣውን ቀስ አድርጎ አነሣ። ከሥሩ ራሱ ተጠምጥሟል። ከውስጥ የራሱ የሱፍ ሻርፕ አለ፤ ደም ጠጥቶ ደርቋል። በሻርፑ ላይ ደግሞ ታጥፎ የተደራረበ የጆንያ ጨርቅ ጠብቆ ታስሯል። ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ ነው። ኦላውስ ከሬሳው በታች ያለውን ስንዴ በእጁ እየዘገነ ወደ ብርሃኑ አስጠጋ። አንድም የቀላ ፍሬ አላገኘም።

ሬሳውን ሲያገላብጠው የካፖርቱ ጀርባ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ታየው። በጣቱ ጠርጎ ቀመሰው፤ ጨው ነው።

«ይህች መርከብ ዓሣ ጭና ታውቃለች?» ሲል ወደ ላይ ጮኸ።

«ዓሣ?» አለ የካፒቴኑ ድምፅ ከላይ። «ከተሠራች ጀምሮ ከእህል በቀር አላየችም። ደግሞ ዓሣ ከአሜሪካ ወደ ኖርዌይ ማን ያመጣል? ለውቅያኖስ ውሃ እንደ መውሰድ ነው እኮ!»

ሲወጣ የሟቹ ከዘራ ከጭነቱ ክፍል አፍ አጠገብ፣ ከመርከቧ አጥር ጋር ተደግፎ ቆሞ አየ። ዊልፍሬድ ቀኝ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰለለ ስለ ሆነ ያለ ከዘራ አይቆምም ነበር። ለጦርነቱ ያልተፈለገውም በዚያ ምክንያት ነው።

ካፒቴን ኢንጌብሪትና ኦላውስ አብሮ አደጎች ናቸው። በካፒቴኑ ክፍል ተቀምጠው ኢንጌብሪት ፒፓውን ሞላ።

«እኔን ነው የምትጠረጥረው አይደል?» አለ። «እንግሊዞች ሲያግዱን የወጥ ቤቴ ሠራተኛ በሳንባ በሽታ ሞተ። ወርደን በክብር እንድንቀብረው እንኳ አልፈቀዱልንም። መጠጥ ቤት ገብቼ የተናገርኩትን አገር ሰምቶታል።»

«ምን አልክ?»

«አንዱን እንግሊዝ ባገኘው በመልሕቅ አስሬ እጥለዋለሁ አልኩ። ታዲያ ዊልፍሬድን ማለቴ ነበር? ዊልፍሬድ ምን እንግሊዝ ነው፣ የእናቱ ልጅ ነው እንጂ! ሲወርድ ብታየው ትስቅ ነበር።»

«ንገረኝ፣ እንዴት ነበር የሚወርደው?»

«መጀመሪያ ከዘራውን ወደ ታች ይወረውራል። ስንዴ ላይ ሲራመድ ያስፈልገዋላ። ከዚያ ሁለት እጁን ነጻ አድርጎ መሰላሉን እንደ ጦጣ ይወርደዋል። ተሸካሚዎቹም ከዘራው ሲወርድ ባዩ ቁጥር ‹አለቃው መጡ፣ አሽከራቸው ይከተላል› ይሉታል። እርሱም ሳይገባው አብሮ ይስቃል።»

ኦላውስ ከዘራው የት እንደ ተገኘ አልነገረውም። አመስግኖ ወጣ።

ዊልፍሬድ የተከራየው ከወይዘሮ ቶርቢዮርግ ቤት ነበር። አንድ ልጇ ዓምና በሰመጠ መርከብ ቀርቶባታል። በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን እንደ ወትሮው ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ቅዝቃዜውን ይዘውት አይግቡ። ጠጥቶ ወደቀ የሚሉ አሉ። ቀሳፊ ይቅሰፋቸው! ያ ልጅ በእምነቱ ምክንያት ቢራ እንኳ አይቀምስም።»

«ከእርስዎ ጋር በምን ቋንቋ ነበር የምትነጋገሩት?»

«በእኛው ነዋ! ያለውን ሁለት መቶ ቃል እየደጋገመ። ደግሞ ‹የለም›ና ‹አይደለም›ን ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉም ለእርሱ ‹የለም› ነው። አንድ ቀን ዓሣው ጠፍቶ ድመቴን በመጥረጊያ ሳባርራት፣ ድመቷን እያሳየ ‹ድመት የለም! ድመት የለም!› ብሎ ጮኸ። ‹ይቺው አይደለችም እንዴ፣ ታውረሃል?› አልኩት። ለካ ‹የበላችው ድመቷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ› ማለቱ ነው።» ፈገግ ልትል ሞክራ አፏን በሽርጧ ጫፍ ሸፈነች። «ሰሞኑን ደግሞ ዳቦውን እያገላበጠ ሳይበላ ይተወዋል። ‹ምነው?› ስለው፣ ‹በርሜል። ዓሣ የለም› አለኝ። ‹አለቀ እንዴ? ገበያ ሞልቷል፣ እገዛልሃለሁ› አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ምን እንደ ፈለገ እንጃ።»

ኦላውስ ግን ገባው። ከወንበሩ ሲነሣ ጉልበቱ ተንቋቋ።

የመርከቧ ባለቤት ኮንራድ ሉንዴ ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው ቢሮው ውስጥ በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ተቀበለው። ከመስኮቱ መርከቧም፣ መጋዘኑም፣ በመካከላቸው ያለው በረዶ የሸፈነው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። መጋዘኑ ድሮ ዓሣ የሚጨመርበት የጨው ቤት ነበር። አሁን ግማሹን የከተማው የእህል ኮሚቴ ተከራይቶ ስንዴውን ያስቀምጥበታል፤ ግማሹ ውስጥ የሉንዴ የዓሣ በርሜሎች ተደርድረዋል።

«የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

«አንዱ በእኔ፣ አንዱ በመምህር አሙንድ። ደግሞ መጋዘኑ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሰውየው የሞተው መርከብ ውስጥ ነው።»

«እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። በምሳ ሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምሳዬን እዚሁ ነው የማስመጣው። ጸሐፊዬ ምስክሬ ነው፣ ከፊቴ አልተነሣም።»

«በመስኮት ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ? ሰው ሁሉ ሊበላ ሄዷል። አሙንድ ብቻ ጋሪውን ይገፋል፤ እርሱ እንደሆነ ተሸካሚዎቹ ሲያርፉም አያርፍም። ሰብሳቢ ሆኖ ከኩሊ ጋር ጆንያ የሚሸከም ሰው እርሱን ብቻ ነው ያየሁት። በዚያ በረዶ ጎብጦ፣ እያቃሰተ ሲገፋ አየሁትና ‹ይህ ሰው አንድ ቀን ወገቡ ይቀራል› አልኩ።»

«ከመርከቧ ወደ መጋዘኑ ነው የሚገፋው?»

ሉንዴ ጥቂት አሰበ። «አይ። ወደ መርከቧ።»

ኦላውስ ባርኔጣውን አነሣ። ወደ መርከቧ የሚሄድ ጋሪ ባዶ ጋሪ ነው። ባዶ ጋሪ ደግሞ ሰው አያስቃስትም።

መምህር አሙንድ ሄጌን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ሲቆጥር አገኘው። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። የኦላውስን ሴት ልጅ ጨምሮ የከተማዋን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረው እርሱ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ኮሚቴውን ይመራል፤ በየቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ በቃሉ ያውቃል። ከራሱ ድርሻ ቆርሶ እንደሚሰጥም ከሚስቱ በቀር ሁሉም ያወራል።

«ስለዚያ ልጅ ነው የመጡት» አለ አሙንድ፣ ጆንያውን ሳይለቅ።

«አዎ።»

«እንግሊዞች የምትመጣውን መርከብ የሚለቋት ይመስልዎታል?»

ኦላውስ የአሙንድን እጆች አየ። የትልቅ ሰው እጆች ናቸው፤ አፍ አውጥቶ እንዳይናገር የፈሩ ይመስል ጆንያውን ጨምድደውታል። ስለ ሞተ ሰው ሲጠየቁ አንዳንዶች «መቼ?» ይላሉ፣ አንዳንዶች «እንዴት?» ይላሉ። ይህ ሰው ግን ስለ ልጁ ምንም አልጠየቀም።

ዞር ዞር አለ። ወለሉን የዘመናት ጨው እንደ ቅርፊት ለብሶታል። በመካከል ትልቁ የብረት ሚዛን ቆሟል። በሚዛኑ ማዕዘን ሥር ያለው ወለል ግን ታጥቦ እንጨቱ ወጥቷል። ኦላውስ ወደ በርሜሎቹ አለፈና አንዱን በጣቱ አንኳኳ። የዓሣ በርሜል በጨው ውሃ የተሞላ ስለ ሆነ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ከስንጥቁም ያልባል። ይህኛው ደረቅ ነው። ሁለተኛውን አንኳኳ። እርሱም ደረቅ ነው።

«ውስጣቸው ምን እንዳለ ያውቃሉ፣ መምህር?»

«አሁን አውቃለሁ» አለ አሙንድ።

ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሁለት ጊዜ እንዲናገር ማስገደድ ግፍ መስሎ ታየው።

በማግስቱ ሁሉም በካፒቴኑ ክፍል ተሰበሰቡ። ከበርገን የመጣው ቆንስል ቀጭን፣ የደከመው ሽማግሌ ነው፤ በጠረጴዛው ራስ ከክሮግ ጎን ተቀመጠ። ሉንዴ ሰዓቱን ያያል። ካፒቴን ኢንጌብሪት በሩን ተደግፎ ቆሟል። ወይዘሮ ቶርቢዮርግ የሟቹን ልብስ በጨርቅ ቋጥራ ይዛ መጥታለች። አሙንድ ጥግ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አጭር ያድርጉልን» አለ ክሮግ።

«አጭር ነው» አለ ኦላውስ። «ዊልፍሬድ አልወደቀም። ስንዴ ላይ የወደቀ ሰው ራሱ አይፈነከትም፤ ቢሰምጥ ነው የሚሞተው። የሰመጠ ሰው ደግሞ አፉና አፍንጫው ስንዴ ይሞላል። የእርሱ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ወደ መርከቡ ሆድ የገባው ከሞተ በኋላ ነው።»

ቆንስሉ ዓይኑን ጨፈነ። ክሮግ ጓንቱን አስተካከለ።

«ታዲያ የት ሞተ?» ሲል ኦላውስ ቀጠለ። «ካፖርቱ ጀርባው ላይ የደረቀ ጨው አለ። ይህች መርከብ ጨው አታውቅም። እዚህ ወደብ ላይ ወለሉ ጨው የሆነ ቤት አንድ ነው፤ መጋዘኑ። እዚያ ምን ሊሠራ ገባ? ለወይዘሮ ቶርቢዮርግ ‹በርሜል። ዓሣ የለም› ብሏታል። እርሷ ዓሣ አለቀ ማለቱ መሰላት። እርሱ ግን ‹በርሜሉ ውስጥ ያለው ዓሣ አይደለም› ማለቱ ነበር። ትናንት አንዱን ከፍቼዋለሁ። ጥሬ ጎማ ነው። አቶ ሉንዴ በዓሣ ስም ለጀርመን ጦር ሊያሻግሩት ያዘጋጁት።»

ሉንዴ ተነሥቶ ቆመ። «ይህ ስም ማጥፋት ነው! እኔ ሰው አልገደልኩም!»

«አልገደሉም። ይቀመጡ» አለ ኦላውስ። «ካፒቴን ኢንጌብሪትም፣ መርከበኞቹም፣ ተሸካሚዎቹም አልገደሉም። ከዘራው ከላይ ተደግፎ ነው የተገኘው። ዊልፍሬድ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወረውረው ከዘራውን እንደ ሆነ በዚህች መርከብ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ሲቀልዱበት ነው የከረሙት። ከላይ ያቆመው ሰው ሲወርድ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ጋሪውን እስከ ወደቡ ዳር ቢገፋም መርከቧ ላይ የማይወጣ ሰው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አቶ ሉንዴ በምሳ ሰዓት ከጸሐፊያቸው ጋር ነበሩ፤ ጸሐፊውንም ጠይቄዋለሁ።»

ከውጭ የሠራተኞች ጫጫታ ይሰማል።

«እኔ ግን ከዚያ በፊት አውቄዋለሁ» አለ ኦላውስ፣ ድምፁ እየቀነሰ። «የሟቹ ራስ ሁለት ጊዜ ታስሯል። ከላይ ያለው የጆንያ ጨርቅ የጠበቀው እስትንፋስ እንኳ እስከማያሳልፍ ነው። አንዲት ጠብታ ስንዴው ላይ አልወረደችም። ሬሳ ተሸክሞ መሰላሉን ሲወርድ፣ ሰው ያየኛል እያለ ልቡ እየመታ፣ ስንዴው እንዳይበላሽ የሚጠነቀቅ ማነው? አቶ ሉንዴ ስንዴውን ሸጠውታል፤ ካፒቴኑም አድርሷል። የሚጨነቅለት ነገ ለልጆች የሚያድለው ሰው ነው።» ወደ ጥጉ ዞረ። «መምህር፣ ራሱን ያሰሩለት ለቁስሉ ነው ወይስ ለስንዴው?»

አሙንድ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ።

«ሻርፑን ለቁስሉ» አለ። «ይተርፍልኛል ብዬ። ጆንያውን… ከሞተ በኋላ ነው። ጆንያውን ለስንዴው።»

«ወይኔ፣ መምህር!» አለች ቶርቢዮርግ።

«ስለ በርሜሎቹ የማውቀው ነገር አልነበረም። ጠርቶ በከዘራው እያንኳኳ አሳየኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ታየኝ። እንግሊዞች ይህን ሲሰሙ ያችን መርከብ አይለቋትም፣ ከእርሷ በኋላ የምትመጣውንም አይለቁም። ለመንኩት። ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። ‹እጽፋለሁ› አለኝ። ‹ልጆቹስ?› ስለው ዓይን ዓይኔን እያየ ‹ዳቦ የለም› አለኝ። ‹እጽፋለሁ፣ ዳቦ የለም።› ሦስቴ ነው የደጋገመልኝ! ሊሄድ ሲል እንዳይሄድ ከዘራውን ነጠቅኩት። በዚያች ከዘራ የቆመ መሆኑን… ዘነጋሁት። ወደ ኋላው ሄዶ ሚዛኑ ላይ ወደቀ።»

ኦላውስ ወደ ቶርቢዮርግ አላየም። ግን ቀድሞ የገባት እርሷ ነች። የያዘችው የልብስ ቋጠሮ ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ድመት የለም» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?» አለ አሙንድ።

«መምህር፣ ያ ልጅ ‹አይደለም› ማለት አይችልም ነበር። ሁሉንም ‹የለም› ነው የሚለው። ‹በርሜሉን እጽፋለሁ፣ ዳቦውን አይደለም› ነው ያለዎት። ‹ዳቦውን አልነካም› ነው ያለዎት!»

አሙንድ አያት። ከዚያ ኦላውስን አየ፣ እንደማይሆን እንዲነግረው የሚለምን ይመስል። ኦላውስ አንገቱን ደፋ። ካፒቴን ኢንጌብሪት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ አሙንድ ያሰማውን ድምፅ የሰሙት ሰዎች ኋላ ላይ ምን እንደሚመስል ሊናገሩ አልፈለጉም።

ቀድሞ የተናገረው ክሮግ ነው። «አቶ ኦላውስ፣ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ወድቆ ሞተ ብለው ይፈርማሉ።»

«ምን አሉ?»

ቆንስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ኖርዌይኛው ጥርት ያለ ነው። «ወጣቱን አውቀዋለሁ፣ እዚህ የመደብኩት እኔ ነኝ። ይህ በአገሬ ጋዜጦች ከወጣ ግን መርከቦቻችሁን እንልቀቅ የሚል ሰው አፉን አይከፍትም። ለእናንተ ረሃብ ነው። እኛም መርከቦቻችሁን እንፈልጋለን። ጀርመኖችም ስለ በርሜሎቹ ሲሰሙ ለምን ተያዘብን ይላሉ። ማንም አይጠቀምም።»

«አባቱስ?»

ቆንስሉ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

አሙንድ ተነሥቶ ሁለት እጆቹን ወደ ኦላውስ ዘረጋ። «እሰሩኝ።»

«ማንም አያስርዎትም» አለ ክሮግ።

«ሰው ገድያለሁ እኮ! እሰሩኝ እላለሁ!»

«ብናስርዎት ለምን እንዳሰርን መናገር አለብን። ነገ እንደ ወትሮው እህል ያድላሉ። ከቦታዎ ከጠፉ ሰው ይጠይቃል። አቶ ሉንዴ፣ በርሜሎቹ ዛሬውኑ ባሕር ይገባሉ።»

«ማን ሊክሰኝ ነው?» አለ ሉንዴ። ኢንጌብሪት አንገቱን ሊያንቀው ሲነሣ ኦላውስ በክንዱ ከለከለው።

«እኔ አልፈርምም» አለ ኦላውስ።

«ሌላ ሰው ይፈርማል» አለ ክሮግ፤ በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ እርሱም ደክሞታል። «ያች መርከብ ግን በዚህ ምክንያት አንድ ወር ትቆያለች። ልጅዎ ልጆች አሏት መሰለኝ።»

ኦላውስ አሙንድን አየ። አሙንድ እጆቹን እንደ ዘረጋ ነው፤ የሚይዘው አጥቶ። ኦላውስ ብዕሩን ሲያነሣ ክሮግ አስቀድሞ አጽፎ ባመጣው ወረቀት ላይ «ጠጥቶ እንደ ነበረ ይገመታል» የሚል አንቀጽ አየ።

«አይጠጣም!» ብላ ጮኸች ቶርቢዮርግ። «ይህችን እንኳ ተዉለት!»

«መሰላል የለመደ ሰው ለምን ወደቀ ተብሎ ይጠየቃል» አለ ክሮግ።

ኦላውስ ፈረመ።

የዊልፍሬድ አባት በፖስታ መርከብ መጣ፤ ባሕሩ ያንገላታው፣ ጥቁር ካፖርቱ የሰፋው አትክልተኛ። ኦላውስ በመርከበኛ እንግሊዝኛው እያናገረ ወደ ወደቡ ወሰደው። ሣጥኑ በባንዲራ ተሸፍኖ ሊጫን ተዘጋጅቷል።

«ጠጥቶ ነበር አሉኝ» አለ ሽማግሌው፣ መሬት መሬት እያየ።

«አይጠጣም ነበር።»

«አውቄ ነበር። ታዲያ እንዴት ወደቀ?»

ኦላውስ አፉን ከፈተ። በረዶውን አየ። «ያንሸራትታል» አለ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ወደቡ ዳር ሲደርሱ ቀና አለና ቆመ። ስቶርቪክ ነቅላ ወጥታለች። ሴቶች፣ ሕፃናት ያዘሉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች በብርዱ ተሰልፈው ቆመዋል። ጠዋት የስንዴዋ መርከብ ተለቃ እየመጣች ነው የሚል ወሬ ደርሷል፤ ሁሉም ከሣጥኑ በላይ አሻግሮ ጭሷን ይፈልጋል።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህን ሁሉ ወዳጅ ማፍራቱን አልጻፈልኝም» አለ።

ሽማግሌው ወደ ሰልፉ ሄዶ ከፊት ያሉትን አንድ በአንድ ይጨብጥ ጀመር። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እጃቸውን ሰጡት። አሙንድ ከፊት መስመር ላይ ነበር፤ መርከቧ ስትመጣ እንዲያራግፍ የታዘዘው እርሱ ነው። ኦላውስ መካከላቸው ሊገባ አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃው ነበር። አልተራመደም።

ሽማግሌው የአሙንድን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አንድ ነገር አለው።

«ምን አለኝ?» ሲል አሙንድ ወደ ኦላውስ ዞሮ ጠየቀ።

«አመሰገነዎት» አለ ኦላውስ።

በዚህ መካከል ከባሕሩ ወሽመጥ ጫፍ የመርከብ ፉጨት ተሰማ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እልል ብሎ ወደ ወደቡ ማዶ ጫፍ ሮጠ፤ ልጆችም እናቶችም፣ ጋሪ የያዙትም። ሽማግሌው ምን እንደ ሆነ ሳይገባው የሮጡትን በዓይኑ ተከተለ። የአሙንድን እጅ ግን አለቀቀም። አሙንድም ከቦታው አልተነቃነቀም።